የመመረቂያ ጽሑፍ ከቅርብ ይጀመር

«ቴሲስ ብቻ ነው የቀረኝ።» በዴንቨር፣ በኦሮራና እኔ በምኖርባት ሌክውድ ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ የሚማሩ ወገኖቻችንን «ትምህርት እንዴት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙዎቹ የሚመልሱላችሁ ይህንኑ ነው። ኮርሱ አልቋል፣ ፈተናው ታልፏል፣ ውጤቱም ጥሩ ነው። ያ «ብቻ» የተባለው ነገር ግን አንድ ዓመት ይሆናል፣ ሁለት ይሆናል። በመሃል ሥራ ይገኛል፣ ልጅ ይወለዳል፣ አማካሪው መምህር ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራል። በመጨረሻ ጉዳዩን ማንሳቱ ራሱ እንደ ነውር ይቆጠርና ወዳጅ ዘመድ መጠየቁን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል።

ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። ሌሊቱን በፓርኪንግ ወይም በአረጋውያን መንከባከቢያ ሠርቶ ጠዋት ክፍል የሚገባን ሰው ሰነፍ ማለት አይቻልም። ችግሩ ከጽሑፉ በፊት ባለው ሥራ ላይ ነው፤ ማለትም በጥያቄ አመራረጥና በእቅድ። ተማሪዎቻችን በጣም ሰፊና በጣም ሩቅ ጥያቄ ይዘው ይነሳሉ። እኔ ደግሞ የምለው ተቃራኒውን ነው፦ የመመረቂያ ጥናት ከቅርብ ይጀመር፣ ጥያቄው ይጥበብ፣ ውጤቱም ለጠየቅነው ሕዝብ ይመለስ። ይህንንም የምለው ተማሪው ቶሎ እንዲመረቅ ብቻ አይደለም። ማንም ያላጠናው ማኅበረሰብ የሚናገርለት ስለማይኖረው ጭምር ነው።

ቅርብ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ታሪክ ላስረዳ። ከዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን ተነስቶ ወደ ጎልደን የሚሄደው የደብልዩ መስመር ባቡር ሌክውድ ላይ ፌዴራል ሴንተር የሚባል ጣቢያ አለው። በግቢው ውስጥ ካሉት መሥሪያ ቤቶች አንዱ የአሜሪካ መንግሥት የግድብና የመስኖ ሥራዎች ተቋም፣ ቢሮ ኦፍ ሪክላሜሽን ነው፤ የቴክኒክ ማዕከሉ የሚገኘው እዚሁ ነው። ብዙዎቻችን በየቀኑ በአጠገቡ እናልፋለን። የዓባይ ወንዝ ተፋሰስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተጠናው በዚህ ተቋም ባለሙያዎች መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥትና አሜሪካ የዓባይን ተፋሰስ በጋራ ለማጥናት ተስማሙ። የመስክ ሥራው በቀጣዩ ዓመት ተጀመረ። ወደ 200 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆነው መሬት ከአየር ፎቶ ተነሳ። በወንዞቹ ላይ የውኃ መለኪያ ጣቢያዎች ተተከሉ። የአፈሩ ዓይነት፣ የድንጋዩ ጥንካሬ፣ የገበሬው አኗኗርና ምርት ሳይቀር ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1964 ውጤቱ በ17 ቅጽ ታትሞ ወጣ። 33 የመስኖና የኃይል ማመንጫ ፕሮጀክቶችን ለይቶ አሳየ። በዋናው ወንዝ ላይም አራት ትልልቅ የግድብ ቦታዎችን አመለከተ፦ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና በሱዳን ጠረፍ አጠገብ «ቦርደር» የተባለው።

ያ «ቦርደር» የተባለው ቦታ ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2011 መገንባት የተጀመረው በዚያው አካባቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ተመረቀ። በ1964ቱ ጥናት ላይ የጠረፉ ግድብ 1,400 ሜጋ ዋት ገደማ እንዲያመነጭ ነበር የታሰበው፤ የተገነባው 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ንድፉ ተለውጧል፣ ዘመኑ ተለውጧል፣ ገንዘቡም ከሕዝብ ኪስ ወጥቷል። የወንዙ ጠባይ፣ የገደሉ ቅርጽና የውኃው መጠን ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት በትዕግሥት ተለክቶ ተመዝግቦ ነበር።

አሜሪካ ይህን ያደረገችው ለእኛ ስትል ብቻ አልነበረም። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ነበር፤ ግብፅ ለአስዋን ግድብ ፊቷን ወደ ሞስኮ ያዞረችበት ጊዜ ነው። የፖለቲካ ፍላጎት ነበረበት። ቢሆንም ጥናቱ እንደ ጥናት በትክክል ስለተሠራ ፖለቲካው ካለፈ በኋላም አገለገለ። መጀመሪያ ምን እንደሚፈለግ ተወሰነ፤ ሥራው ተከፋፈለ፤ መደምደሚያ ከመሰጠቱ በፊት ለዓመታት ተለካ፤ ሌላ ሰው መርምሮ እንዲያረጋግጠው ዝርዝሩ ሁሉ ከአባሪዎቹ ጋር ታተመ። ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ የሚለየው በመጠን ብቻ ነው።

ታዲያ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባለው ተረት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ስለ ዓባይ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ የውኃ ምህንድስና ወይም የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪ ኦሮራ ተቀምጦ፣ ያን ጥናት የሠራው ተቋም በባቡር በሚደርስበት ርቀት ላይ እያለ፣ ሙሉ ምዕራፉን ከዩቲዩብ ክርክርና ከዜና ቁርጥራጭ ይጽፋል። የ1964ቱ ጥናት ቅጂ በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት አለ። የራሱ ዩኒቨርሲቲ መጽሐፉ ባይኖረው እንኳ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ተውሶ ያመጣለታል፤ አገልግሎቱ ለተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን ግን የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ አንድ ቀን እንኳ ቀርበው ሳያነጋግሩ ነው የሚመረቁት።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ከራሳችን ሰው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ የቢልሃርዝያ በሽታን ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ይታያሉ። እንዶድን ሁላችንም እናውቃለን፤ እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ አጥበውበታል። ከሳቸው በፊት ያን ወንዝ ያየ ሰው አልጠፋም። እሳቸው ግን ያዩትን በቤተ ሙከራ ሊፈተን ወደሚችል ጥያቄ ለወጡት፦ ቀንድ አውጣውን የገደለው እንዶዱ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ይህች ጠባብ ጥያቄ የዕድሜ ልክ ሥራ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘችላቸው። «በአፍሪካ የሐሩር በሽታዎች ተፅዕኖ» ብለው ቢነሱ ኖሮ ግን የት እንደሚጀምሩም ይቸግራቸው ነበር።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንመለስ። «የኢትዮጵያ ዳያስፖራ ለአገር ልማት ያለው ሚና» የሚል ርዕስ ስንት ጊዜ ሰምተናል? የትኛው ዳያስፖራ? የቱ ልማት? ከመቼ እስከ መቼ? ይህን ርዕስ ይዞ የተነሳ ሰው ስድስት ወር ያነባል፣ ያነበበው ሌላ መቶ ጽሑፍ ይጠራበታል፣ ከዚያ ይደክመዋል። በምትኩ «በኦሮራ በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ከልጆቻቸው ትምህርት ቤት ጋር የሚገናኙት እንዴት ነው?» ቢል ማንን እንደሚጠይቅ፣ የት እንደሚያገኛቸው፣ መቼ እንደሚጨርስ ያውቃል። የጥያቄ መለኪያው ይኸው ነው። ለመመለስ ምን መረጃ እንደሚያስፈልግ፣ መረጃው በማን እጅ እንዳለና በስንት ወር እንደሚሰበሰብ በአንድ ገጽ መጻፍ ካልተቻለ ጥያቄው ገና አልበሰለም።

መረጃ አለ የሚባልበት ቦታ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቢሮ በቤት ውስጥ የሚነገሩ ቋንቋዎችን የሚያሳይ ሰንጠረዥ ያወጣል። እዚያ ላይ አማርኛ ብቻውን የለም፤ ከሶማልኛና ከሌሎች የአፍሮ-እስያ ቋንቋዎች ጋር በአንድ ረድፍ ተጠቃልሏል። ያንን ቁጥር ገልብጦ «በኦሮራ ይህን ያህል አማርኛ ተናጋሪ አለ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሶማልኛ ተናጋሪውንም አብሮ ቆጥሯል ማለት ነው። አማርኛን ለብቻ ለማየት ቢሮው ለተመራማሪዎች የሚለቀውን ጥሬ የናሙና መረጃ አውርዶ መሥራት ይጠይቃል፤ ይህም የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር መማርን ይጠይቃል። በእቅዱ ላይ ለዚያ ጊዜ ካልተያዘ ሥራው እዚያው ይቆማል።

ወደ አገር ቤት መረጃ ስንሄድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ኢትዮጵያ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ወረዳ የሕዝብ ብዛት የሚጠቀስ ቁጥር ሁሉ ግምት ነው፤ ጽሑፉም ግምት መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት። በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ባለው ግጭት ምክንያት ጎንደር ወይም ጎጃም ገጠር ገብቶ መጠይቅ ማስሞላት ለብዙ ተመራማሪ የማይታሰብ ሆኗል። መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ይቋረጣል፤ ከሁሉም በላይ መልስ ሰጪው ራሱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሰላም ባለበት አካባቢም ቢሆን ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ መዞር አለ። በሦስት ሳምንት የክረምት ዕረፍት ይህን ሁሉ እጨርሳለሁ ብሎ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጥ ሰው ከዘመድ ጥየቃ ሌላ ይዞት የሚመለስ ነገር የለም። መስኩ ቢዘጋ በምን እተካዋለሁ የሚለው መልስ ፕሮፖዛሉ ሲጻፍ መቀመጥ አለበት።

እዚሁ ያለነውን መጠየቅስ ቀላል ነው? አይደለም። ቀላሉ መንገድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወይም ሃቫና ጎዳና ላይ ያለ ምግብ ቤት ቆሞ መጠይቅ ማደል ነው። እንዲህ የተሰበሰበ መልስ ግን ቤተ ክርስቲያን የሚመጣውንና ምግብ ቤት የሚገባውን ሰው ብቻ ይወክላል። ሙስሊሙ ወገናችን፣ እሑድ በሥራ ላይ ያለው፣ ታሞ ቤት የዋለው፣ ከሰው የራቀው አይገኝበትም። «ጓደኛህን ጥራልኝ» እያሉ መሄድም የራሱ ችግር አለው፤ መጨረሻ ላይ የተጠየቁት ሁሉ የአንድ ሰፈር ልጆች ሆነው ይገኛሉ። ይህ ማለት አይሠራ ማለት አይደለም። ማን እንደቀረ አውቆ መጻፍ፣ የቀሩትንም ለማግኘት ሁለት ሦስት በር ማንኳኳት ነው።

ቋንቋውም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የአእምሮ ጤና መጠይቅ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ሲገለበጥ ጥያቄው ሌላ ይሆናል። አንዲትን እናት «ድብርት አለብዎት?» ብትሏቸው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው የሚሉት። «እንቅልፍ ይወስድዎታል? ምግብ ይበላልዎታል? ሰው ማየት ያስጠላዎታል?» ሲባሉ ነው ነገሩ የሚወጣው። ስለዚህ መጠይቁ በአንድ ሰው ወደ አማርኛ፣ እንግሊዝኛውን ባላየ ሌላ ሰው ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ይመሳከራል፤ ከዚያ በጥቂት ሰዎች ላይ ይሞከራል። ወር ሊፈጅ ይችላል። ያ ወር ከእቅዱ ውስጥ ከሌለ ከእንቅልፍ ላይ ይቀነሳል።

ከዚያ ፊርማው አለ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት በዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ቦርድ መታየት አለበት። ሕጉ ያለ ምክንያት አልመጣም። በአላባማ ክፍለ ሀገር ተስኪጊ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ወደ 600 የሚሆኑ ጥቁር ወንዶች ሳይነገራቸው ለጥናት ተይዘው፣ ከእነሱም ቂጥኝ የነበረባቸው መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላ እንኳ ሳይታከሙ ቀርተዋል። ጉዳዩ ሲጋለጥ በ1974 የጥናት ሕግ ወጣ፤ በ1979 ደግሞ ዛሬም የሚሠራበት የቤልሞንት ሰነድ ተከተለ። «ቀላል ቃለ መጠይቅ ስለሆነ ቦርድ አያስፈልገውም» ብሎ መወሰን የተማሪው ሥልጣን አይደለም፤ ከፈቃድ በፊት የተሰበሰበ መልስም ሊጣል ይችላል።

የእኛ ሰው ደግሞ ፊርማ ይፈራል። ምክንያት አለው። ቀበሌ ስም ሲመዘገብ ምን እንደሚከተል ያየ ትውልድ ነው፤ ዛሬም የመኖሪያ ወረቀቱ ያላለቀለት አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ሦስት ገጽ እንግሊዝኛ አስይዞ «እዚህ ላይ ይፈርሙ» ማለት በትክክል ማስፈቀድ አይደለም። ተቀምጦ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ማስረዳት ያስፈልጋል። «ጋሼ፣ ስምዎ አይጻፍም። መልስዎን የማየው እኔና አማካሪዬ ብቻ ነን። ካልፈለጉ መሃል ላይ ማቆም ይችላሉ፤ አልቀየምም።» ስጋቱ የፊርማው ራሱ ከሆነ ደግሞ በቃል ብቻ ፈቃድ ለመቀበል ቦርዱን መጠየቅ ይቻላል። ይህን የሚያውቅ ተማሪ ብዙ በር ይከፈትለታል።

የጊዜ ሰሌዳ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይቆጠር። የመከላከያው ቀን መቼ ነው? ከዚያ በፊት የኮሚቴ አባላቱ ረቂቁን የሚያነቡበት ጊዜ አለ፤ በበጋ ብዙ መምህራን ግቢ ውስጥ አይገኙም። ከዚያ በፊት ጽሑፉ፣ ከዚያ በፊት ትንተናው፣ ከዚያ በፊት መረጃ ስብሰባው፣ ከዚያ በፊት ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት የሚቆየው የቦርዱ ፈቃድ። በኤፍ-1 ቪዛ ላለ ተማሪ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል፤ በአይ-20 ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቀን ከማለፉ በፊት ማራዘሚያ ካልጠየቀ ሕጋዊ ሁኔታው ይበላሻል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ አገር ግን የፈሰሰውን ለመልቀም ሌላ ሴሚስተር መክፈል ይጠይቃል።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ። «ጥሩ ቴሲስ ማለት ያለቀ ቴሲስ ነው፤ ማን ያነበዋል ብለህ ነው?» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ግማሹን እቀበላለሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ የዕድሜ ልክ ድርሰት አይደለም፤ ማለቅ አለበት። ጥያቄው ይጥበብ የምለውም ለዚሁ ነው። «ማን ያነበዋል» የሚለው ግን ወደ ሌላ ቦታ ይወስዳል። ማንም አያነበውም ብሎ ያመነ ሰው «የመመረቂያ ጽሑፍ እንሠራለን» ከሚለው ማስታወቂያ ጋር ይስማማል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ገበያ መሆኑ የአደባባይ ምስጢር ነው። እዚህ ደግሞ ጽሑፉን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ትቶ፣ ፈጽሞ ያልተጻፈ መጽሐፍ ዋቢ አድርጎ የሚያቀርብ መጥቷል። ኮሚቴው ከያዘው ትምህርቱ ያበቃል፤ ካልያዘው ደግሞ የማያውቀውን ነገር አውቃለሁ ብሎ ሥራ ይገባል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለዚህ ነው።

ሸክሙን ሁሉ በተማሪው ላይ መጣልም ተገቢ አይደለም። እኛ ሥራ የያዝነው፣ ነርሱ፣ መሐንዲሱ፣ የሒሳብ ባለሙያው፣ ምን እናደርጋለን? ምርቃት ሲደርስ ድግስ ላይ እንገኛለን፤ እሰየው። ከድግሱ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ግን ልጁ ብቻውን ነው። በወር አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ሰጥቶ አንድ ምዕራፍ ማንበብ፣ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የሚያውቅ ሰው ማሳየት፣ አማርኛ መጠይቁን መልሶ መተርጎም ገንዘብ አይጠይቅም። ዕድሮቻችንና ማኅበሮቻችን ስልክ እየደወሉ ለለቅሶ ሰው ማሰባሰብ ያውቁበታል፤ ያው ስልክ ለጥናት መልስ ሰጪ ለማግኘትም ይሠራል። መጠይቅ ይዞ የመጣን ተማሪም «አሁን አይመቸኝም» ብሎ ከመሸኘት ሃያ ደቂቃ መስጠት ይቻላል።

በአንጻሩ ተማሪው ዕዳ አለበት። ሰው ጓዳውን፣ ሕመሙንና ገቢውን ነግሮት ጽሑፉ በዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ ብቻ ከቀረ የሚቀጥለው ተማሪ በር ይዘጋበታል። «ባለፈውም አንዷ መጥታ ጠይቃን ሄደች፤ ምን አገኘን?» የሚለው ቅሬታ ትክክለኛ ቅሬታ ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም። ሁለት ገጽ በሚነበብ አማርኛ፦ ምን ጠየቅሁ፣ ስንት ሰው መለሰልኝ፣ ምን አገኘሁ፣ ምን ቢደረግ ይሻላል። ይህን ለዕድሩ፣ ለቤተ ክርስቲያኑና ለመስጊዱ መስጠት፣ አንድ ቀን ቀርቦም ጥያቄ መመለስ። ለዚህ ሁለት ሳምንት በእቅዱ ላይ ከመጀመሪያው ይያዝ።

የኦሮራ ትምህርት ቤቶች ለልጆቻችን አስተርጓሚ ይመድቡ ስንል፣ ሆስፒታሉ በቋንቋችን ያስረዳን ስንል፣ ባለሥልጣኑ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ናችሁ? ችግራችሁ ምንድን ነው? የት ተጽፏል?» ብሎ ነው። ዓባይን በተመለከተ ያ ጥያቄ ሲመጣ 17 ቅጽ ነበረ፤ የሠሩት ግን ሌሎች ነበሩ። በዴንቨርና በኦሮራ ስላለው ኑሯችን የሚጻፈውን እኛው ብንጽፈው ይሻላል። የዘንድሮ ፕሮፖዛላችሁን ገና ያላስገባችሁ እህት ወንድሞች፣ ርዕሱን አንዴ መልሳችሁ እዩት። ከሰፈራችሁ የሚርቅ ከሆነ ለምን እንደራቀ ለራሳችሁ መልሱ። መልስ ካጣችሁ አቅርቡት።